የባልሽ ብረት

ለልጄ፣

ሰባ ሰባት ዓመቴን ጨርሻለሁ። ጫማዬን ራሴ አስራለሁ፤ ጢሜን ራሴ እላጫለሁ፤ የሸሚዜ ቁልፍ ሲረግፍ ማንንም ሳልለምን ራሴ እተክላለሁ። ቁልፎቹ ቀለማቸው አይመሳሰልም እያሉ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚስቁ አሉ፤ ይሳቁ። ቁልፍ ሊቆለፍበት ነው እንጂ ለኤግዚቢሽን አይደለም። ደረጃውን እስከ ላይ ድረስ ሳልቆም እወጣለሁ። ፍሬዛዬንም፣ ያን የብረት መቁረጫ ማሽኔን፣ እስከ ዛሬ ራሴ አስነስቼ ራሴ አጠፋለሁ። ይህን ያስቀደምኩት ስልክ በደወልሽ ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቂኝ ይኸው ስለሆነ ነው። እንግዲህ ተመልሶልሻል።

አሁን ሰላምታዬን ልስጥ። እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽን ተሻለሽ? ልጆቹስ? ትንሿ እንዴት ናት፣ አሁንም ወተት ስጪኝ ስትባል ሙሉ ብርጭቆውን ደፍታ ነው የምትሮጠው? ሳሚልኝ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ምንም አልሆንኩም።

በስልክ ያልነገርኩሽ ስለምታቋርጪኝ ነው። ገና አፌን ስከፍት “አባባ ቆይ፣ አባባ ስማኝ” ትያለሽ። ወረቀት አያቋርጥም። ፊደሌ ከወትሮው ገዝፎ ብታዪው ጥፋቱ የኔ አይደለም፤ የወረቀቱ ነው። የዘንድሮ ደብተር መስመሩን እንደ ሸረሪት ድር አቅጥነው ነው የሚያትሙት፤ ቀለም ይሰስታሉ። ስለዚህ በወፍራሙ እስክሪብቶ፣ ሁለት ሁለት መስመር እየያዝኩ እጽፋለሁ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ “እኔ ልጻፍልዎ፣ እርስዎ ይንገሩኝ” ብላኝ ነበር። ከትምህርት ቤት በጊዜ ብወጣም የገዛ ልጄን የማናግረው በሰው እጅ አይደለም አልኳት።

የምጽፍልሽ ስለ ባልሽ ነው።

ባልሽን ገና ከመጀመሪያው እንዳልወደድኩት ታውቂያለሽ፤ ደብቄሽም አላውቅም። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማረው፣ ትወደው ነበር። እሷ ግን ድመትም ትወድ ነበር። ሰውዬው አይጮህ፣ አይቆጣ፣ ጠረጴዛ አይደበድብ። ሲሄድ ኮቴው አይሰማም። እኛው መሥሪያ ቤት፣ ከላይ ከንድፍ ሥዕል ክፍል እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ይወርድና ከጎኔ ቆሞ ያያል። ምን ታያለህ ስለው “እየተማርኩ ነው አባባ” ይላል። ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ሰው ገና እየተማረ ከሆነ፣ እዚያ የነበረው ምን ሲሠራ ነው?

አንቺም ብትሆኚ አባትሽ ምን እንደሚሠራ በደንብ የምታውቂ አይመስለኝም። “ብሎን ይሠራል” ነው ለሰው የምትዪው። ብሎንማ ማንም ይሠራል። የኔ ብሎን የአውሮፕላን ነው፤ ሆዱና ክንፉ ላይ የለበሰውን ላሜራ የሚይዘው። ራሱ ላይ ያለው ቦይ፣ ካቻቪቴው የሚገባበት ማለቴ ነው፣ እንደ በር ብሎን አንድ መስመር አይደለም፤ መስቀልም አይደለም። አራት ክንፍ አለው፤ አራቱም ከመሀል ትንሽ ትንሽ ፈቀቅ ብለው ነው የሚቆሙት። እንደተኳረፈ ቤተሰብ ፊት ለፊት አይተያዩም። እንደዚያ የተደረገው ካቻቪቴው በጉልበት ሲዞር እንዳያመልጥና የብሎኑን ራስ እንዳይበላው ነው። አንዷ ክንፍ የፀጉር ያህል ከቦታዋ ከሳተች በቃ፣ አይገባም። የነዚህን አሮጌ አውሮፕላኖች ብሎን ፋብሪካው መሥራት ከተወ ቆይቷል። የሚሠራው የኛ ወርክሾፕ ነው። በወርክሾፑ ደግሞ እኔ ነኝ።

አሠራሬም እንዲህ ነው። ብሎኑን ፍሬዛው ላይ በመክፈያው አፍ አስነክሰዋለሁ። መክፈያ ማለት እጀታ ያለው ማዞሪያ ነው፤ ጎኑ ላይ በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ክብ ሰሌዳ አለው። አንዷን ክንፍ በቀጭኗ መቁረጫ ቆርጬ፣ ቀዳዳዎቹን እየቆጠርኩ ሩብ ዙር አዞረዋለሁ። ሁለተኛዋን እቆርጣለሁ። እንደገና ቆጠራ። አንድ ቀዳዳ ከዘለልሽ ክንፏ ትጣመማለች፣ ብሎኑም ይሞታል። ወጣቶቹ ይህን ሥራ ሲያዩ ራሳቸውን ያማቸዋል። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ሠርቼበታለሁ። አንቺም ያደግሽው ከዚያ ሰሌዳ በወጣ እንጀራ ነው።

ባለፈው ወር አንድ መካኒክ ከሃንጋር፣ አውሮፕላኖቹ ከሚጠገኑበት አዳራሽ፣ እየተንከባለለ መጣ። በርሜል ነው የሚሉት፤ ስሙ ከሰውነቱ ጋር የተስማማለት ሰው ነው። “ጋሼ ምላጭ፣ ይቺ አልገባ አለችኝ” አለኝ። ምላጭ የሚሉት እኔን ነው፤ አፉ ይቆርጣል ለማለት። ካቻቪቴህን አስተካክለህ ያዝ አልኩት። “ሦስቱ ይገባል፣ አራተኛዋ እምቢ ትላለች” አለኝ። ሰው ሁሉ እየሰማ “ዕውር ነህ እንዴ?” አልኩት። ሌላ ቀን ቢሆን መልስ አያጣም ነበር። ያን ቀን ግን ብሎኑን መዳፌ ላይ አስቀመጠና ጣቴን ይዞ በራሱ ላይ አስሄደው። አራተኛዋ ክንፍ ጠማማ ነበረች።

የሰው ጣት ይዞ መጎተት ምን የሚሉት ብልግና ነው? ነገሩ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ከሰሌዳው ቀዳዳዎች አንዱን ግራሶ ደፍኖታል። የጽዳት ሠራተኞቹ ዘንድሮ ወለል መጥረግ እንጂ ማሽን ማጽዳት አያውቁም። መብራቱስ? የድሮዎቹን አምፖሎች አውርደው እነዚህን የታመሙትን ሰቅለውልናል። ወርክሾፑ በጠራራ ፀሐይ ጉም የገባበት ይመስላል። ይህን ለጓደኞቼ ብናገር “እኛስ ደህና ይታየናል” ይሉኛል። ካሮት የበሉ ይመስል።

ሳህን ሙሉ ብሎን መረመሩ። ጠማማዎቹ አንድ ሁለት ብቻ አልነበሩም። ከዚያ አለቃችን መጣ። ድምፅ ማጉያ ነው የሚባለው፤ ከወርክሾፑ ወዲያኛው ጫፍ ሲናገር ወዲህኛው ጫፍ ያለው ጆሮውን ይይዛል። ያ ሰውዬ አጠገቤ ተቀምጦ በሹክሹክታ ሲያናግረኝ፣ የሞተ ሰው ሊያረዳኝ መስሎኝ ደነገጥኩ። “ጋሼ፣ ትንሽ ቢያርፉስ? ልጅዎ ክፍል አዘጋጅታልዎታለች ሲባል ሰምቻለሁ” አለኝ። ከማን እንደሰማ ብጠይቀው አሳለው። አየሽ፣ ሰው ክፍል የሚያዘጋጅልሽ አንቺ ሳትጠየቂ ከሆነ፣ ክፍል ሳይሆን ሣጥን ነው። አላርፍም አልኩት። እሱም የመጨረሻውን ነገረኝ፤ በወሩ መጨረሻ ለጥገና የሚገባ አውሮፕላን አለ፣ የሱን ብሎን ሠርቼ ሁሉም ካለፈ ፍሬዛው የኔ ነው፤ ካላለፈ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ይህን ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። በዕድሜዬ ትከሻዬን የመታኝ ሰው የለም፤ እናትሽ እንኳ አልመታችኝም።

በማግሥቱ ባልሽ ከላይ ወረደ። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር እንደ አራስ ልጅ ታቅፏል። “አባባ፣ ለቦዩ ቀለል ያለ መንገድ አስቤ ነበር” አለኝ። ቀለል ያለ! ሰው ዕድሜውን የፈጀበትን ነገር ቀለል ያለ መንገድ አለው ማለት፣ አንተ ሞኝ ነህ እንደማለት ነው። ለማን ነው የሚቀለው አልኩት። “ለወርክሾፑ ሁሉ” አለኝ። ወለሉን እያየ ሳይሆን አይቀርም፣ ድምፁ ወደ ታች ነበር የሚሄደው።

ጨርቁን ፈታው። ብረት ነው። አራት ጎን ያለው፣ የልጅ መጫወቻ የመሰለ ብረት። መሀሉ ተበስቷል፤ ብሎኑ ራሱን ወደ ላይ አድርጎ እዚያ ይቆምና ይጠብቃል። ፍሬዛው ጠረጴዛ ላይ አጥር የመሰለ ሌላ ብረት ይታሰራል። መጫወቻውን ከአጥሩ ታስጠጊና እጀታውን እስኪቆም ድረስ ትስቢዋለሽ። ቀጭ ይላል፤ አንዷ ክንፍ ተቆረጠች። ሩብ ዙር አዙረሽ ሌላውን ጎኑን ታስጠጊዋለሽ። ቀጭ፤ ሁለተኛዋ። አጥሩ ራሱ ከመሀል ፈቀቅ ብሎ ስለታሰረ ክንፎቹም ሳታስቢበት ፈቀቅ ይላሉ። መክፈያ የለ፣ ሰሌዳ የለ፣ ቆጠራ የለ። እንግዲህ ያ ሁሉ ዓመት ተምሮ ያመጣው ይህን ነው፤ ብረት ማዟዟር።

እንከኑን አንድ በአንድ ነገርኩት። እጀታውን በግራ በኩል ነው የተከለው። ወርክሾፑ ውስጥ በግራ እጁ የሚሠራ ከኔ በቀር የለም። ለሁሉ ነው የሚል ሰው እጀታ በግራ ይተክላል? የተማረ ሰው ግራና ቀኙን አያውቅም ማለት ይኸው ነው። ከየትኛው ጎን እንደጀመርሽ እንዳይጠፋሽ ደግሞ አንዱን ጎን በሊማ አጎድጉዶታል፣ አውራ ጣት የሚያርፍበት አድርጎ። ቀይ ቀለም ጠብ ቢያደርግበት አይበቃም ነበር? ሰው ሁሉ ቀለም ያያል። ማቆሚያውስ ለምን ይጮሃል አልኩት፤ ጎኑ ላይ ቁጥር ቢጽፍበት ሰው አያነብም? “ልክ ነዎት አባባ፣ አላሰብኩበትም” አለኝ። ባልሽ እንዲህ ነው፤ ሲሰድቡት እንኳ አይሰደብልሽም። ግድግዳ ነው።

አንሳልኝ አልኩት። “እዚሁ ይቀመጥ፣ ላይ ቦታ የለኝም” ብሎ ሄደ። እኔም በሩን ደገፍኩበት። የኛ በር ነፋስ እየመታ ያስቸግራል፤ ለዚያ ጥሩ ብረት ነው አልኩ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። ሰሞኑን እዚያው ከርሟል። ባልሽ ሲወርድ አየውና ጎንበስ ብሎ አቧራውን ጠርጎ መልሶ በሩ ሥር አስቀመጠው። ሰው ሥራው በር መደገፊያ ሲሆን ካልተቆጣ መቼ ሊቆጣ ነው? እኔ ብሆን በሩንም በረኛውንም እሰብር ነበር። ሌሎቹ ምሳ ሲወጡ እኔም አንዳንዴ አነሳው ነበር፤ ዝገት እንዳይዘው ለማየት ያህል እንጂ ለሌላ እንዳይመስልሽ።

ቀኑ ደረሰ። ድምፅ ማጉያ፣ በርሜል፣ ወጣቶቹ፣ ሁሉም ፍሬዛዬን ከበቡ፤ ሠርግ ቤት አስመሰሉት። ባልሽም ከኋላ አለ፤ የእርሳሱ ሽታ ይታወቀኛል። መጀመሪያ በራሴ መንገድ ነው የምሠራው አልኩ፤ ማንም አልከለከለኝም። መክፈያውን ጠረግሁ፣ የሰሌዳውን ቀዳዳዎች በሽቦ አጸዳሁ፣ ግራሶ እንዳይሉኝ። ቀስ ብዬ፣ ተጠንቅቄ ሠራሁ። ሲያልቅ በርሜል ካቻቪቴውን ይዞ ተቀመጠ።

ካቻቪቴ ቦዩ ውስጥ ሲገጥም ድምፅ አለው፤ በጥሩ ሣጥን ላይ ክዳን እንደመክደን ያለ። ሳይገባ ሲቀርም ድምፅ አለው፤ ጥርስ የሚያፋጭ ሰው ይመስላል። ያን ሁለተኛውን ድምፅ ደጋግሜ ሰማሁት። በርሜል የማይገባውን ለብቻ ያስቀምጣል። ወጣቶቹም እዚያው አሉ። እነዚህ አንድ ሰው ሲያስነጥሰው እንኳ ግማሽ ቀን የሚሳሳቁ ናቸው፤ ያን ጊዜ አንዱም አልሳቀም። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር። ድምፅ ማጉያ ጉሮሮውን ጠራርጎ ሊናገር ሲል ቀደምኩት። “እስቲ ያን የበር መደገፊያ አምጡልኝ” አልኩ።

አምጥተው አሰሩት። ለንቀት ያህል ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ነው የሠራሁት። አንድ ጊዜ እንኳ ዝቅ ብዬ አላየሁትም። ቀጭ። ማዞር። ቀጭ። ማዞር። ጎድጎድ ያለው ቦታ አውራ ጣቴ ሥር ሲመጣ አራቱም አልቀዋል፤ ብሎኑን አውጥቼ ሌላ። እጄ ሥራ ሲይዝ አፌ ስለተፈታ ባልሽን መስደብ ጀመርኩ። ይህን የፈለሰፍከው ከተመረቅህ በኋላ ነው ወይስ ጡት ሳትጥል አልኩት። በሚቀጥለው ደግሞ ራሱ የሚሠራ አምጣልኝና እኔ ቤቴ ልተኛበት አልኩት። “እሱንም አስብበታለሁ አባባ” አለኝ። ወጣቶቹ ሳቁ። በርሜል ሲስቅ ወንበሩ ጮኸ። “ጋሼ፣ ምነው ከዚህ በፊትም የሠሩበት ይመስላሉ?” አለኝ አንዱ። ዝገት ሳይ ነው አልኩት።

ሳህኑ ሞላ። በርሜል እንደገና ተቀመጠ። ገባ። ገባ። ሌላም ገባ። ጆሮዬን አቅንቼ ያን የጥርስ ድምፅ ጠበቅሁ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ቢመጣ ደስ ባለኝ ነበር፤ ለባልሽ የምናገረው በአፌ ተዘጋጅቶ ነበርና። ሳህኑ አለቀ። አንድም አልተመለሰም። “ግጥም አድርጎ ነው የሚገባው” አለ በርሜል። ድምፅ ማጉያም ድምፁ ተመለሰለት፤ “ጋሼ ከቦታቸው ንቅንቅ አይሉም!” ብሎ ሲጮህ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ባልሽ በዚያን ጊዜ ምን ዓይነት ፊት እንዳሳየ አልነግርሽም፤ አላየሁትም። ከኋላዬ ሲተነፍስ ግን ሰምቼዋለሁ። እንደዚያ የሚተነፍሰው ብዙ ጊዜ ትንፋሹን ውጦ የቆየ ሰው ነው።

አመሰገንከው ወይ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ። “ነገ እጀታውን ትንሽ አሳጥረው” አልኩት። “እሺ አባባ” አለኝ። ይኸው ነው የተነጋገርነው።

አንድ ነገር ግን ከንክኖኛል። የዛሬ ስንት ጊዜ ቤቴ መጥተሽ ሳለ፣ ቀለበት ላሠራልህ ነው ብለሽ በክር ጣቴን ለክተሽ ነበር። የግራ እጄን አውራ ጣት። አውራ ጣቱ ላይ ቀለበት የሚያደርግ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ቢሆንም የዘመኑ ነገር ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። ቀለበቱ እስከ ዛሬ አልመጣም። መልስ ጻፊልኝ ማለቴ አይደለም። ስልክ ስትደውዪም አታንሺብኝ፤ አልሰማም።

ያዘጋጀሽልኝ ክፍል ውስጥ ልጆቹ ይጫወቱበት። መስኮቱ ወደ ጓሮ ነው ብለሽኛል፤ ጥሩ ነው፣ ይሩጡበት። እኔ ደረጃዬ አለኝ፣ ፍሬዛዬ አለኝ፣ የምሰድበው ሰው ሲያስፈልገኝ ባልሽ አለኝ።

ፈጣሪ ወገብሽን ያጽናልሽ። ቤትሽን ያሙቅልሽ፣ ልጆችሽ አድገው የሚሰደቡበት ሥራ ሳይሆን የሚሳደቡበት ሥራ ያግኙ። ያንን ሰውዬም ከነብረቱ ይጠብቅልሽ።

ዕዳዬን ግን ማንም እንዳይነካብኝ፤ የማወራርደው እኔው ነኝ። በርሜልን ዕውር ያልኩት ሰው ሁሉ በሰማበት ነው፣ የምመልሰውም ሰው ሁሉ በሚሰማበት ነው፤ አንቺ ብስኩት ምናምን ይዘሽ ሃንጋር እንዳትሄጂብኝ። ለልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ የስፌት መኪናዋን ፔዳል እጠግንላታለሁ፤ የአውቶቡስ ቁጥር በጥቃቅን መጻፍ ስለጀመሩ አንድ ቀን በማላውቀው አውቶቡስ ተሳፍሬ፣ ከመጨረሻው ፌርማታ መጥታ የወሰደችኝ እሷ ናት። ይህን ላንቺ እንዳትነግር አስምያታለሁ፣ ስለዚህ አልሰማሽም። የባልሽ ዕዳ ደግሞ ይኸውልሽ። መቁረጫ መሳል አይችልም። ድንጋዩ ላይ ተጭኖ ጫፉን ያቃጥለዋል፤ የተቃጠለው ብረት ሽታ እኔ ጋ ይደርሳል፣ ሰምቼም አሽትቼም ዝም ስል ነው የከረምኩት። ቅዳሜ ሰዉ ሲወጣ ይውረድ። ደብተሩንና እርሳሱን ላይ ይተዋቸው፤ ይህ በጆሮና በጣት የሚሠራ ነው። እጁን በእጄ ላይ ያድርግና አሳየዋለሁ። ማብሪያውንም አይንካ፤ መብራት አያስፈልገንም።

አባትሽ